ድንጉጡን ውሻችንን ለአዳሪ ሥልጠና ስንልክ ያየነው

ይህን የምጽፈው ድንጉጥ ውሻ ላላቸውና፣ የጎረቤትም የቤተሰብም ትዕግሥት ሲያልቅ «ለአሠልጣኝ ልስጠው፤ አሳድሮ ያስተካክልልኝ» ወደሚል ሐሳብ ለደረሱ ሰዎች ነው። እኛ ጎንደር ሆነን በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ውሻችንን ሊያሳጣን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሁለተኛው ግን ዛሬ በግቢያችን ከሰው ጋር ተስማምቶ እንዲኖር አድርጎታል። ሁለቱም አሠልጣኞች ገንዘብ ተቀብለዋል፣ ሁለቱም ልምድ አለን ብለዋል፣ ሁለቱም ውሻውን ከቤታችን አርቀው ለሳምንታት አቆይተውታል። ልዩነታቸው አንደኛው ትእዛዝ መፈጸምን ሲያስተምር ሌላው ፍርሃቱን ማከሙ ነው፤ ይህንንም ልዩነት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ዳማ ስሙን ያገኘው ከፀጉሩ ቀለም ነው። የተወለደው ደምቢያ ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት ሲሆን፣ ወደ እኛ ሲመጣ ቡችላነቱን ጨርሶ ለመጎርመስ ተቃርቦ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከወፍጮው ጀርባ ታስሮ ስላደገ ከባለቤቱና ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ቡችሎች አዲስ ነገርን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበሉት ከተወለዱ በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ያላዩትን ዓይነት ሰው፣ ያልሰሙትን ድምፅና ያልረገጡትን ወለል ካደጉ በኋላ በጥርጣሬ ያዩታል። ስለዚህ ዳማ ሲደርሰን ችግሩ አብሮት ደርሶ ነበር፤ ማንም አልመታውም፣ ማንም አልበደለውም፣ ነገር ግን ዓለምን የሚለምድበት ወቅት በሰንሰለት ላይ አልፎበታል።

እኛ ያመጣነው ደግሞ ፒያሳ አጠገብ ወዳለ ሰፈር ነው። ባጃጁ ከማለዳ እስከ ምሽት ጥሩምባውን ይነፋል፤ በሠርግና በለቅሶ ጠመንጃ ይተኮሳል፤ በክረምት ነጎድጓዱ ከተራራው ጋር እየተላተመ ይመላለሳል፤ ሌሊት ሌሊት ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮሃል። በግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ ተከራዮች አሉ፤ እንግዳ አይጠፋም፤ ቡና ሲፈላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ዳማ ሰው በገባ ቁጥር መጀመሪያ ከበረንዳው ሥር ይሸጎጥ ነበር፤ ቆይቶ ከተሸጎጠበት ሆኖ መጮህ ጀመረ፤ በመጨረሻም እየወጣ ወደ ሰው መሮጥ አመጣ። ሰፈርተኛው «ኃይለኛ ሆነ» ሲል ሰምተን ደስ ያለን ጊዜም ነበር፤ የጥበቃ ውሻ የማይፈልግ ማን አለ?

የፈራ ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ጭንቅላቱን አዙሮ በዐይኑ ጥግ ስለሚያይ የዐይኑ ነጭ ይገለጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ሌላ ጊዜ የሚሻማበትን ሥጋ እንኳ አይነካም። ይህ ሁሉ ካልሠራለት ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙም ካልሠራ ይነክሳል። እነዚህን ምልክቶች የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ለይተው ቢያውቋቸው ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ግማሹ አደጋ ይቀንሳል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጄሪካን የሚያመላልስ ልጅ የቤት ሰው ያህል ነው። ዳማ የነከሰው ይህንኑ ልጅ ነበር። ሱሪውን ቀድዶ ባቱን ቧጨረው፤ ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ያደረግነውን እዚህ ላይ መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥበን፣ ልጁን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ዳማ በየዓመቱ የሚሰጠውን ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ነበረን፤ ያም ሆኖ ለ10 ቀን ታስሮ ጤንነቱ እንዲታይ ተደረገ። ውሻችሁ ሰው ቢነክስ ተናድዳችሁ አትግደሉት፤ በሕይወት ቆይቶ ለ10 ቀን መታየቱ ለተነከሰው ሰው ሕክምና ይጠቅማል። የልጁን ሕክምናና ሱሪም ያለ ክርክር ሸፈንን።

ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት በር ላይ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ እንስሳም ነፍስ አለው፤ ግን የሰው ልጅ ይበልጣልና አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበደኝ። በሳምንቱ የጥበቃ ውሾችን አሳድሮ የሚያሠለጥን ሰው በሌላ ከተማ መኖሩን ሰማንና ደወልንለት።

ሰውየው በስልክ የተናገረው ሁሉ ደፋር ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ውሻ ሆኖ እንደሚመለስ፣ ፍርሃቱን እንደሚያስጥለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ልንጠይቀው እንደማንችል፣ ምክንያቱም ጠረናችንን ካሸተተ የተማረውን እንደሚረሳ ነገረን። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ላክን። አልፎ አልፎ ከአንድ ጉርሻ የማይረዝም ቪዲዮ በቴሌግራም ይልክልን ነበር፤ ዳማ «ተቀመጥ» ሲባል ይቀመጣል፣ «ተኛ» ሲባል ይተኛል። እኛ ያየነው መቀመጡንና መተኛቱን ነው። ጅራቱ በሆዱ ሥር መጠቅለሉን፣ አፉ መገጠሙን፣ ዐይኑ ከሰውየው እጅ ላይ አለመነቀሉን ያየሁት በኋላ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ ስከፍተው ነው። ይህን ዘዴ እናንተም ሞክሩት። ድምፁን አጥፉና የውሻውን ገላ ብቻ ተመልከቱ፤ የአሠልጣኙ ንግግር ሲቀር ብዙ ነገር ይታያል።

ዳማ ሲመለስ ግቢው በሙሉ ተደነቀ። እንግዳ ሲገባ አልጮኸም፤ ወደ ማንም አልሮጠም፤ ታናሽ ወንድሜ «ተቀመጥ» ሲለው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሰው ባለበት ግን አይበላም ነበር፤ ሁላችንም ስንተኛ ሌሊት ብቻ ይበላል። ስሙን ስንጠራው ጅራቱን አይወዘውዝም። ወንድሜ አንድ ቀን ቀበቶውን ሊታጠቅ ሲያነሣ ዳማ በቆመበት ሸና። እናቴ ይህን አይታ፣ «ይኼ ውሻ ተሠልጥኖ ሳይሆን ተሰብሮ ነው የመጣው» አለች። እኛ ግን ጎረቤት ተደስቶ ስለነበር ጊዜ እንስጠው አልን።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ወንድሜ ከበር ሊያርቀው ብሎ የአንገት ማሰሪያውን ሲይዘው ዳማ እጁን ነከሰው፤ ይህኛው ጥልቅ ነበር። ያስደነገጠን ከመንከሱ በፊት ምንም ድምፅ አለማሰማቱ ነው። አላጉረመረመም፣ ጥርሱን አላሳየም፣ ወደ ኋላም አላፈገፈገም። በዚያ ምሽት ቤታችን ውስጥ ውሻውን ስለማስወገድ በግልጽ ተወራ።

ነገሩን የለወጠው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ሐኪም ነው። ዳማን ከሩቅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ከዚያም የአፍ መከለያ አድርገን ሲመረምረው ግራ ጆሮው ውስጥ የቆየ ቁስለት አገኘ። የአንገት ማሰሪያው በተሳበ ቁጥር ሕመሙ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ማንም አሠልጣኝ ውሻውን ከመቀበሉ በፊት ሐኪም ጆሮውን፣ ጥርሱንና መገጣጠሚያውን እንዲያይላችሁ አድርጉ፤ የታመመ ውሻ በሥልጠና አይድንም። የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ በቂ አለመሆኑንም ከዚሁ ሐኪም ተረዳሁ። ብዙ ውሾች በሚያድሩበት ቦታ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት በሽታዎች በቀላሉ ስለሚዛመቱ፣ የእነርሱም ክትባት ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ተሰጥቶ መጠናቀቅ አለበት።

ስለ ዝምታው ስጠይቀው ሐኪሙ በ1967 እ.ኤ.አ. ስለታተመ አንድ ጥናት አጫወተኝ። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ውሾችን ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ውስጥ ካሳለፏቸው በኋላ፣ ዝቅ ያለች አጥር ዘልለው ማምለጥ ወደሚችሉበት ሣጥን አስገቧቸው። ከውሾቹ አብዛኞቹ ለመዝለል እንኳ አልሞከሩም፤ ንዝረቱን እየተቀበሉ ተኙ። ያደረጉት ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ተምረው ነበር። «የእናንተ ውሻ ከፍርሃቱ አልተላቀቀም፤ ፍርሃቱን ማሳየት እንደማይጠቅመው ነው የተማረው» አለኝ። ሲያጉረመርም የተቀጣ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ የሚያስፈራው ነገር ግን እንዳለ ይቀራል፤ ከማስጠንቀቂያው ቀጥሎ የነበረው ንክሻም እንዲሁ። ማጉረምረም ውሻው የሚያደርግልን ውለታ መሆኑን ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁሉም ሰው እናገራለሁ።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ያዘዘን የጆሮ መድኃኒትና ዕረፍት ነበር። ለአንድ ወር ያህል ምንም ትእዛዝ እንዳንሰጠው፣ እንግዳ ሲመጣ ከኋላ ክፍል እንዲሆን፣ የአንገት ማሰሪያው ቀርቶ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ እንዲደረግለት፣ ወደ እኛ መምጣትም ሆነ አለመምጣት የእርሱ ምርጫ እንዲሆን ነገረን። ሥራ ፈትነት ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ዳማ በቀን ብርሃን መብላት የጀመረው በዚያ ወር ነው። አንድ ቀን እንደገና ሲያጉረመርም ሰምተን ተደሰትን፤ ጎረቤቶቻችን ይህን ደስታ ሊረዱት አልቻሉም።

ታዲያ ለምን እንደገና ላክነው? ሰፈራችን ለጀማሪ ውሻ ከአቅም በላይ ስለሆነ ነው። ፍርሃትን ለማከም የሚያስፈራውን ነገር በጣም አሳንሶ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ፒያሳ አጠገብ ግን ባጃጅን ማሳነስ አይቻልም። ሐኪሙ የሚያውቀው አንድ አሠልጣኝ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰፊና ጸጥ ያለ ግቢ ነበረው፤ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ውሾች በላይ አይቀበልም። በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄዎቻችንን ይዘን ሄድን። ሲሳሳት ምን ታደርገዋለህ? ሌሊት ከውሾቹ ጋር ማን ያድራል? ሳንነግርህ መጥተን ልናየው እንችላለን? ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ቤታችን መጥተህ አብረኸን ትሠራለህ? የሚያንቅ ሰንሰለት ወይም የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ትጠቀማለህ? የመጨረሻውን ስጠይቅ ሣቀና «እኔም ራሴ እንዲህ ቢያደርጉኝ እነክሳለሁ» አለኝ። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአቋም መግለጫ ለማንኛውም ውሻ፣ ነካሽ ለሆነውም ጭምር፣ በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መምከሩን ኋላ አነበብሁ፤ ዌልስም የኤሌክትሪክ ማሰሪያን በ2010 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። አሠልጣኙ ይህን አንብቦ ይሁን ከልምዱ፣ መልሱ ከዚያው ጋር ገጠመ። የተስማማንበትንም ሁሉ፣ የመመለሻውን ጊዜና የመጎብኘት መብታችንን ጨምሮ፣ በወረቀት አሰፈርን። «የአንድ ወር ዋስትና አለው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ የፍርሃት ሕክምና ቀን አይቆረጥለትም።

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን የግል መኪና ተከራየን፤ የሕዝብ ማመላለሻ ለድንጉጥ ውሻ የሚሆን አይደለም። ከጉዞው በፊት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ዳማ እየገባ እየወጣ እንዲለምደው፣ ከዚያም ሞተሩ ብቻ እንዲነሣ አደረግን። ሆዱ እንዳይታወክ የዚያን ቀን ጠዋት ጥቂት ብቻ በላ። በመንገዳችን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ስናሳርፈው ማሰሪያው በእጃችን ነበር፤ በማያውቀው ከተማ የደነገጠ ውሻ አንዴ ካመለጠ መልሶ ማግኘት በጣም ይከብዳል። ከቤት የያዝንለት አንድ ነገር በረንዳ ላይ የሚተኛበትን አሮጌ ሰሌን ነው። አሠልጣኙ ይህን በጣም ወደደው፤ የሥልጠናውም መሠረት ያ ሰሌን ሆነ። በየትኛውም ቦታ ሰሌኑ ሲዘረጋ ዳማ እላዩ ላይ ይተኛል፤ እዚያ ላይ እስካለ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያዝዘውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እኔም እዚያው ባሕር ዳር አርፌ በየዕለቱ አብሬ ነበርሁ፤ ሥልጠናው ለእኔም እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የባጃጅ ጥሩምባ በስልክ ተቀርጾ፣ የዳማ ጆሮ ብቻ ንቅንቅ እስኪል ድረስ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይሰማል፤ ወዲያው ጉርሻ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ድምፁ ይቀድማል፣ ጉርሻው ይከተላል፤ ጉርሻው ከቀደመ ውሻው ምግቡን ራሱን የክፉ ነገር ምልክት አድርጎ ይጠረጥረዋል። ምግቡን እንቢ ካለ ድምፁ በዝቷል ወይም የሚያስፈራው ነገር ቀርቧል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መራቅ እንጂ መለመን የለም። እንግዳ ሰው ሲመጣም እንዲሁ። እንግዳው ዐይኑን ሳይተክል፣ እጁን ሳይዘረጋ፣ በሩቅ አልፎ ጉርሻ ጥሎ ይሄዳል። «እጅህን አስሸትተው» የሚባለው የተለመደ ምክር ለድንጉጥ ውሻ አይሆንም፤ የተዘረጋ እጅ ለእርሱ መጠጋት ነው፤ መሸሻ የሌለው ውሻ ደግሞ በጥርሱ ይመልሳል።

የአፍ መከለያውንም እዚያ ለመደ። ውሻው አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውኃ መጠጣት የሚችልበት፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ መሆን አለበት፤ አፍን ጠፍሮ የሚዘጋው ለሐኪም ጥቂት ደቂቃ ካልሆነ በቀር አደገኛ ነው። አሠልጣኙ ውስጡን እርጎ እየቀባ ዳማ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ አደረገው። ዛሬ መከለያው ሲወጣ እየዘለለ ይመጣል፤ መንገድ ስንሄድ ሰውም ይረጋጋል፣ እኛም እንረጋጋለን።

ስለ ጉርሻው አንድ ነገር ልጨምር። የሁለተኛው ሥልጠና መጨረሻ ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ፤ ሥጋ ቤቱ በሙሉ ዝግ ነበር፣ በቤታችንም ሥጋ አይታሰብም። እናቴ ከቅበላው በፊት ቋንጣ አደረቀችለት፤ በርበሬም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ጨውም ሳይነካው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የእኛ ወጥ ትራፊ ደግሞ ያለ እነርሱ አይገኝም። ቡና ለመጠጣት የመጣች ጎረቤታችን ቋንጣው ለማን እንደሆነ ስትሰማ፣ «በሁዳዴ ለውሻ ቋንጣ! እኛንም አሠልጥኑን» ብላ ግቢውን በሣቅ አፈረሰችው።

ስለ መመለሱ የምለው ከሁሉ በላይ ነው፤ አብዛኛው ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ውሻ በአንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ እንደ ሰው ይዞት አይሄድም። በባሕር ዳሩ ግቢ የሠራው ሁሉ ፒያሳ አጠገብ ሲደርስ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። አሠልጣኙ በስምምነታችን መሠረት ጎንደር መጥቶ ሰሌኑን መጀመሪያ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ በር አጠገብ፣ በመጨረሻም ከበር ውጭ እየዘረጋ ያንኑ ትምህርት ከእኛ ጋር ደገመው፤ ማሰሪያውንም እጃችን ላይ አስያዘን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እንግዳ አልጠራንም፤ ቡናውንም ሌላ ቤት ጠጣን። ውሻችሁ ከአዳሪ ሥልጠና ሲመለስ ዘመድ ሰብስባችሁ የተማረውን አታሳዩ። ድካም አለበት፤ ቤቱንም እንደ አዲስ ነው የሚያየው።

ከመካከላችን የተሻለ አሠልጣኝ የሆነችው ደግሞ ውሻ በረንዳ ላይ መውጣቱን እንኳ የማትወደው እናቴ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ አትቸኩልም፣ ቀና ብላ ዐይኑን አታየውም፤ የዕድሜዋ ነገር ሆኖ እንጂ ማንም አላስተማራትም። ወንድሜ ግን በፍቅር ብዛት እየተንደረደረ ስለሚያቅፈው ለመላመድ ወራት ፈጀባቸው። ቤተሰቡ በአንድ ቃልና በአንድ ሥርዐት ካልተስማማ፣ አንዱ «ና» ሲል ሌላው «እዚህ» ካለ፣ የተከፈለው ገንዘብ ከንቱ ነው።

ማገርሸት መኖሩን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ከጎረቤት ሠርግ ላይ ድንገት ሲተኮስ ዳማ እንደገና ከበረንዳው ሥር ገብቶ እስከ ማግሥቱ አልወጣም። ሐኪሙ ስደውልለት የውሾችን ትምህርት ያጠና የነበረውን የሩሲያዊውን ተመራማሪ የኢቫን ፓቭሎቭን ውሾች አነሣልኝ። በ1924 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድን (የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግ) ጎርፍ ሲመታት ውሾቹ በየቤታቸው ሊሰጥሙ ሲሉ ተረፉ፤ ከእነርሱ መካከል ግን ለረጅም ጊዜ የተማሩትን ያጡ ነበሩ፤ ካገገሙ በኋላም ጥቂት ውኃ በበር ሥር ሲፈስ ማየት ብቻ መልሶ ያናውጣቸው ነበር። ስለዚህ ካገረሸበት ቅጣትም ተስፋ መቁረጥም ሳይኖር፣ ቀላል ወደነበረው ደረጃ ተመልሶ መጀመር ነው። ዳማም ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሰሌኑ ተመለሰ።

ጎንደር ላይ ለሚኖር ድንጉጥ ውሻ ዋናው ፈተና ጥምቀት ነው። ከጥር 10 ከከተራ ጀምሮ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ ከተማዋ በሕዝብ፣ በከበሮና በእልልታ ትሞላለች፤ ለእኛ የዓመቱ ታላቅ ደስታ የሆነው ለእርሱ መከራ ነው። አጥሩን ከሳምንት በፊት እንፈትሻለን፤ ጠዋት ማልደን በጸጥታው ሰዓት አሽንተን፣ አብልተን፣ ከኋላ ባለው ክፍል መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ራዲዮ ከፍተን፣ ሰሌኑን ዘርግተን እንተወዋለን። አንድ ሰው በተራ ቤት ይቀራል። የደነገጠ ውሻን በሰንሰለት አስሮ መሄድ ራሱን እስከማነቅ ያደርሰዋል። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም አስቀድሞ ይዘዝ፤ በሙከራም ቀን እንጂ በበዓሉ ዕለት አይጀመር። አሴፕሮማዚን የሚባለው የሚያፈዝ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ገላውን ያስተኛል እንጂ ፍርሃቱን አያነሣለትም፤ የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ፈጽሞ አትስጡ።

ዛሬ ዳማ እንግዳ የሚወድ ውሻ አልሆነም፤ እኛም ከእርሱ ያን አንጠብቅም። ሰው ሲገባ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጮሃል፣ ሰሌኑ ላይ ይወጣል፣ ቋንጣውን ይጠብቃል። ጄሪካን የሚያመላልሰው ልጅ በበሩ ሲያልፍ ጉርሻ የሚጥልለት ራሱ ነው፤ በሩን እንዳስጠነቀቅነው ሳያንኳኳ አይከፍትም።

ውሻችሁ ከመጀመሪያው ዓይነት ቦታ ተመልሶ በጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠባችሁ ካላችሁ፣ የተማረውን ትእዛዝ ለጊዜው ተዉት፤ የሚያንቀውን ሰንሰለት አውልቁለት፤ ምግቡን አስቀምጡለትና ራቁ፤ ሐኪም ጆሮውንና ጥርሱን ይይለት። ልጆች ብቻቸውን አብረውት እንዳይሆኑ አድርጉ፤ ማጉረምረም ሲጀምር ደግሞ አትቆጡት፣ ከፈራው ነገር አርቁት። ለሌላ አሠልጣኝ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ፣ በሰው ፊት መብላት ሲጀምር ነው።